ስለ መጽሐፍ ሐተታ አጻጻፍ

ተማሪ ሆይ፤ አስተማሪህ አንድ መጽሐፍ ሰጥቶ «አንብበህ ሐተታ ጻፍበት» ባለህ ጊዜ ምን እንደ ጠየቀህ አስቀድመህ ማወቅ ይገባሃል። ብዙዎች ይህን ትእዛዝ ሲሰሙ ብዕራቸውን አንሥተው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያወሩታል፤ እገሌ ተነሣ፤ እገሌ ሄደ፤ ከዚያም በኋላ እንዲህ ሆነ ይላሉ። ወረቀቱ ይሞላል፤ እጃቸውም ይደክማል፤ ነገር ግን የተጠየቁትን አልመለሱም። አስተማሪው መጽሐፉን አንብቦታልና ታሪኩን የሚተርክለት ሰው አይሻም። የሚሻው አንተ በመጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳስተዋልህ፤ ያስተዋልኸውም ነገር በእውነት በዚያ እንዳለ በምን እንደምታስረዳ ለማወቅ ነው።

ይህን ልዩነት በችሎት ምሳሌ መግለጥ ይቻላል። በአገራችን ሙግት የታወቀ ነገር ነው፤ ልጅ እንኳ በዛፍ ጥላ ሥር የሽማግሌዎችን ዳኝነት እየሰማ ያድጋል። ተሟጋች ከዳኛ ፊት ቆሞ የሆነውን ሁሉ ቢተርክ ዳኛው «ታዲያ አንተ ምን ትላለህ» ብሎ ይጠይቀዋል። «መሬቱ የእኔ ነው» ብሎ ቢመልስ ደግሞ «ምስክርህን ቍጠር» ይለዋል። ምስክሩም መጥቶ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ነገሩ ገና አላለቀም፤ ያ ቃል ለተሟጋቹ እንዴት እንደሚረዳው ማሳየት ያስፈልጋል፤ ምስክሩ «በዚያ ዓመት ሲያርስ አይቼዋለሁ» ቢል ማረስ ብቻውን የመሬት ጌታ አያደርግምና። ሐተታም ልክ እንዲሁ ነው። አንድ ነገር ትላለህ፤ ከመጽሐፉ ምስክር ትቈጥራለህ፤ ምስክሩ ለነገርህ እንዴት እንደሚረዳ ታስረዳለህ። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ጽሕፈቱ ወሬ ይሆናል፤ ወይም ስብከት ይሆናል፤ ሐተታ ግን አይሆንም።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሥራ ከውጭ አገር በትምህርት ቤት የመጣ አዲስ ነገር ይመስላቸዋል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ሊቃውንቶቻችን በትርጓሜ ቤት የግዕዙን ንባብ ያነባሉ፤ ቀጥለው በአማርኛ ይፈቱታል፤ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍች ያመጣሉ። አንዱን «አንድም» ያመጣ ሰው ግን እንዲያው አያመጣውም፤ ከሌላ ስፍራ ንባብ ይጠቅሳል፤ ወይም ታሪክ ያመጣል፤ ወይም ከቃሉ ሰዋስው ያስረዳል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ብቻውን ከሰው ርቆ ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ በነገረ ጊዜ መምህሩ «ሰሙ ምንድን ነው፤ ወርቁስ» ብሎ ይጠይቀዋል። መልስ ያጣ ተማሪ ቅኔው ምንም ቢያምር ተመልሶ ይቈጥራል። እኔ ሁለቱንም ትምህርት አይቻለሁና፤ በአውሮፓውያን ሥርዓት የሚሰጠው የሐተታ ትምህርት ከዚህ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም፤ የሚለየው በደብተር መጻፉና በነጥብ መመዘኑ ነው።

ስለ ሰምና ወርቅ ከተናገርን ዘንድ፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ማሰብ ይጠቅመናል። አንጥረኛ የሚሠራውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ በሰሙም ላይ ጭቃ ይለብድበታል፤ በእሳት ባሞቀው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ የቀለጠው ወርቅም በሰሙ ስፍራ ይገባል። እንግዲህ ወርቁ መልኩን የሚያገኘው ከሰሙ ነው። ሰሙ ጠማማ የሆነ እንደ ሆነ ወርቁም ጠማማ ይሆናል። ስለዚህ መጽሐፍ ያነበበ ተማሪ አስቀድሞ ግልጡን ነገር፤ ማን ለማን ምን እንዳለ፤ ምን በፊት ምን በኋላ እንደ ተደረገ፤ ጠንቅቆ ሳያውቅ ስለ ተሰወረው ምሥጢር ሊናገር አይገባውም። ብዙ ጊዜ ያየሁት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ተማሪው የሰውዬውን ስም እንኳ ሳይዝ ስለ ምሥጢሩ ሁለት ገጽ ይጽፋል።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር ሁላችሁም የምታውቁትን አንድ ታሪክ እንውሰድ፤ ይኸውም በሉቃስ ወንጌል በ15ኛው ምዕራፍ የሚገኘው፤ ጠፍቶ ስለ ተገኘው ልጅ የተነገረው ምሳሌ ነው። ምናልባት «ይህ ቅዱስ ቃል ነው እንጂ የትምህርት ቤት መልመጃ አይደለም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ቅዱስ ቃል ስለ ሆነ ከሌላው መጽሐፍ ይልቅ አስተውለን ልናነበው ይገባናል እላለሁ። ደግሞም ጌታችን ምሳሌ አድርጎ የተናገረው ነውና እያንዳንዱ ነገር በስፍራው የገባው ለምክንያት ነው።

ሰሙ ይህ ነው። አንድ ሰው ሁለት ልጆች ነበሩት። ታናሹ አባቱ በሕይወት ሳለ ድርሻውን ጠይቆ ተቀበለ፤ ወደ ሩቅ አገርም ሄዶ ገንዘቡን በከንቱ ጨረሰ። በዚያ አገር ራብ በሆነ ጊዜ እሪያ ጠባቂ ሆነ፤ የሚበላውም አጣ። በኋላ ልቡናው ተመልሶለት ወደ አባቱ ሄደ፤ አባቱም ሮጦ ተቀበለው፤ ልብስና ቀለበት ጫማም ሰጠው፤ ፍሪዳም አሳረደለት። ታላቁ ልጅ ግን ከእርሻ ሲመለስ የዘፈኑን ድምፅ ሰምቶ ተቈጣ፤ አልገባም አለ፤ አባቱም ወደ ውጭ ወጥቶ ለመነው። ታሪኩን መተረክ የሚያስፈልገን ይህን ያህል ብቻ ነው፤ በሐተታህም ውስጥ ከዚህ የበለጠ አትተርክ።

አሁን ንባቡን ሦስት ጊዜ አንብብ። የፊተኛው ንባብ ያለ ብዕር ይሁን፤ እንደ ማንም ሰው ታሪኩን ስማው፤ ደስ ያለህን ደስ ይበልህ፤ ያሳዘነህ ያሳዝንህ። ስሜት የሌለው አንባቢ የሚጠይቀው ጥያቄ አያገኝምና። ሁለተኛው ንባብ ግን ብዕር ይዘህ ይሁን። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ፈልግ፤ የተደጋገመውን፤ ያልጠበቅኸውን፤ ሊኖር ሲገባው የጐደለውን። ሦስተኛው ንባብ ጥያቄህን ካገኘህ በኋላ ምስክር ለመሰብሰብ ነው።

በሁለተኛው ንባብ ምን እንደምናገኝ እንመልከት። አስቀድሞ እሪያውን እናገኛለን። እሪያ በኦሪት ሕግ፤ በዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ፤ ርኩስ እንደ ሆነ ተጽፏል። እንግዲህ የአይሁድ ልጅ እሪያ ጠባቂ መሆኑ ራቡን ብቻ ሳይሆን ውርደቱን ይናገራል። የአውሮፓ ልጅ ይህን እንዲያስተውል በግርጌ የተጻፈ ማስታወሻ ያስፈልገው ይሆናል፤ የእኛ አገር ልጅ ግን ገና ሲሰማው ፊቱን ያጨፈግጋል። ይህ ለእናንተ ያለ ድካም የተገኘ እውቀት ነውና ተጠቀሙበት።

ቀጥሎ የልጁን ቃል እንመርምር። ልጁ በሩቅ አገር ሳለ ለአባቱ የሚናገረውን ንግግር አስቀድሞ በልቡ አዘጋጀ። ንግግሩ ሦስት ነገር አለበት፤ በደሉን ማመን፤ ልጅ ለመባል እንደማይገባው መናገር፤ ከሠራተኞቹ እንደ አንዱ አድርጎ እንዲቀበለው መለመን። ከአባቱ ፊት በቆመ ጊዜ ግን፤ በእጃችን ባለው የአማርኛ ንባብ፤ ሁለቱን ብቻ ተናገረ። ሦስተኛው የለም። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ይህን አያይም፤ ልቡ አስቀድሞ የሰማውን ንግግር ራሱ ይሞላዋልና። እኔም ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ሳላየው ብዙ ዘመን አልፎኛል።

ስለ ምን ጐደለ? እንደ ሊቃውንቱ ሥርዓት «አንድም» እንበል። አባቱ ንግግሩን ሳይጨርስ አቋረጠው ቢሉ ያስኬዳል። አንድም፤ ልጁ አባቱ አንገቱን አቅፎ በሳመው ጊዜ ሠራተኛ ልሁን ብሎ መለመን አባቱን መስደብ እንደ ሆነ ተረድቶ ራሱ ተወው ቢሉም ያስኬዳል። ሁለቱም ከሰሙ ጋር አይጣሉም። ነገር ግን የትኛው የበለጠ ምስክር አለው? ከልጁ ንግግር ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ብናይ «ግን» የሚል ቃል አለበት፤ አባቱ ግን ወደ አገልጋዮቹ ዞሮ ልብስ እንዲያመጡ አዘዘ። ለልጁ አልመለሰለትም። ይህች ትንሽ ቃል አባት የልጁን ንግግር በሌላ ነገር እንደ ቈረጠው ታሳያለች፤ ስለዚህ እኔ ወደ ፊተኛው ፍች አደላለሁ። አንተ ወደ ሁለተኛው ብታደላ አልከለክልህም፤ ምስክርህን ግን ቍጠር።

ወደ ታላቁ ልጅ እንሂድ፤ በእርሱ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። ታላቁ ልጅ ለአባቱ የተናገረውን ቃል ስናይ፤ ራሱን ለብዙ ዓመት እንደ ባሪያ ያገለገለ ሰው አድርጎ ያቀርባል፤ ከወዳጆቹም ጋር የሚደሰትበት አንድ የፍየል ጠቦት እንኳ አልተሰጠኝም ብሎ ይከሳል። ልብ በል፤ ታናሹ በርቀት ሆኖ ሠራተኛ ልሁን ብሎ አሰበ፤ ታላቁም በቤት ተቀምጦ ራሱን አገልጋይ አድርጎ ኖረ። አንዱ የሄደ አንዱ የቀረ ናቸው፤ በልባቸው ግን አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ እርሱም የደመወዝ ቋንቋ ነው። አባትየው ግን ለታላቁ ሲመልስ «ልጄ» ብሎ ይጀምራል።

ደግሞም አጠራሩን ተመልከት። ታላቁ ስለ ታናሹ ሲናገር ወንድሜ አላለም፤ የአባቱ ልጅ አድርጎ ጠራው። አባትየው ሲመልስ ያንኑ ሰው የእርሱ ወንድም አድርጎ ጠራው። ከዚህ በላይ ደግሞ ታላቁ ልጅ ወንድሙ ገንዘቡን ከጋለሞቶች ጋር እንደ ጨረሰ ይናገራል፤ ታሪኩን የሚናገረው ግን ገንዘቡን በከንቱ መበተኑን ብቻ ነግሮናል እንጂ ጋለሞቶችን አላነሣም። እንግዲህ ታላቁ ይህን ከየት አመጣው? ሰምቶ ይሆናል፤ ገምቶም ይሆናል፤ ንባቡ አይነግረንም። ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ሥርዓት አለ፤ በመጽሐፍ ውስጥ አንድ ሰው የተናገረውን ቃል ደራሲው እንደ ተናገረው አድርገህ አትጥቀስ። ብዙ ተማሪ «መጽሐፉ ታናሹ ከጋለሞቶች ጋር እንደ ኖረ ይናገራል» ብሎ ይጽፋል። መጽሐፉ የተናገረው ታላቁ ልጅ እንዲህ እንዳለ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ በችሎትም ቢሆን የከሳሽ ቃል የዳኛ ፍርድ አይባልም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከሰበሰብህ በኋላ ዋናውን ነገርህን ታቆማለህ። ዋና ነገር ማለት ሐተታህ ሁሉ የሚያስረዳው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ይህ ምሳሌ ስለ ንስሐ ይናገራል» ብትል እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚከራከርህ የለምና የምታስረዳው ነገር አይኖርህም። «ይህ ምሳሌ እጅግ ያማረ ነው» ብትል ምስጋና ነው፤ ምስጋናም ምስክር አይቈጠርበትም። «ሁለቱም ልጆች የአባታቸውን ቤት እንደ ቅጥር ቤት ቈጠሩት፤ አባት ግን ሁለቱንም ወደ ልጅነት ጠራቸው» ብትል ግን አንባቢው «እንዴት? ታላቁ መቼ ሄደና» ብሎ ይጠይቅሃል። ጥያቄ የሚያስነሣ ነገር ካገኘህ ሐተታህ ግማሹ ተጽፏል።

ምስክርን ከነገር ጋር እንዴት እንደሚያያይዙት ለማሳየት አንድ አንቀጽ ጽፌ ላሳያችሁ። «ታላቁ ልጅ ከቤት ባይወጣም ልቡ ከልጅነት ወጥቶ ነበር። አባቱ በለመነው ጊዜ የመለሰው መልስ የሒሳብ መልስ ነው፤ የአገልግሎቱን ዓመታት ይቈጥራል፤ ያልተሰጠውን ጠቦት ከታረደው ፍሪዳ ጋር ያነጻጽራል። ልጅ ከአባቱ ቤት የሚበላውን አይቈጥርም፤ የሚቈጥር ሠራተኛ ነው። ታናሹም በሩቅ አገር ሳለ የሠራተኛን ስፍራ ሊለምን አስቦ ነበርና ሁለቱ ወንድማማች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ለመኑ።» እነሆ፤ የፊተኛው ዓረፍተ ነገር ነገሩን ይናገራል፤ ሁለተኛው ከንባቡ ምስክር ያመጣል፤ ሦስተኛው ምስክሩ ለምን እንደሚረዳ ይገልጣል፤ አራተኛው ወደ ዋናው ነገር ይመልሰዋል። ሁልጊዜ በዚህ ቍጥር ጻፍ ማለቴ አይደለም፤ አንዳንድ ምስክር ሁለት ገጽ ማስረዳት ይፈልጋል፤ አንዳንዱም በአንድ ቃል ያልፋል።

ስለ ሐተታ አከፋፈል ብዙ የምናገረው የለኝም። መግቢያ፤ አካል፤ መደምደሚያ እንዳለው ሁላችሁም ሰምታችኋል። በመግቢያው የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም ዋናውንም ነገርህን ተናገር፤ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ሰዎች መጽሐፍ ይወዱ ነበር እያልህ ሩቅ አትነሣ። በአካሉ ምስክሮችህን ደካማውን አስቀድመህ ብርቱውን አስከትለህ አሰልፍ። መደምደሚያው አጭር ይሁን፤ በመግቢያ ያልኸውንም ቃል በቃል አትድገመው።

ስለ ጥቅስ ግን ልናገር። ከመጽሐፉ የወሰድኸውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አግባው፤ ፊደል ሳትጨምር ሳትቀንስ እንደ ተጻፈ ጻፈው፤ ምዕራፉን ወይም ገጹን አመልክት። ረጅም ጥቅስ ወረቀት ለመሙላት አታምጣ፤ ነገርህን የሚያስረዳው አንድ ቃል ከሆነ አንዱን ቃል ብቻ ጥቀስ። የሌላ ሰው አሳብ ከወሰድህ ደግሞ የማን እንደ ሆነ ተናገር። አሳብ ሰርቆ የእኔ ነው ማለት የጎረቤትን በሬ ጠምዶ ማረስ ነው፤ በሬው ከጮኸ ባለቤቱ ያውቀዋል። በተማሪ ደብተር ውስጥም የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር እንዲሁ ይጮኻል፤ አስተማሪ ያልሰማው የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል።

ከስሕተቶች ሁሉ የሚያስቸግረኝ ግን ለደስ ማሰኘት የሚጻፍ ሐተታ ነው። ተማሪው መጽሐፉ አሰልችቶት ሳለ «በዚህ መጽሐፍ ልቤ ተነካ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሕይወቴን እለውጣለሁ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ነገር ተማሪውን ብቻ ብንወቅስ ግፍ ይሆናል። እኛ አስተማሪዎች እንዲህ ላለው ቃል ነጥብ ስለ ሰጠን ልጆቹ የሚከፈልበትን ዕቃ ወደ ገበያ አመጡ። መጽሐፉ ካሰለቸህ፤ በየትኛው ስፍራ እንዳሰለቸህና ስለ ምን እንደ ሆነ ከንባቡ አሳይ። ይህ ከሐሰተኛ እንባ ይልቅ የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ከዚህ ሌላ ወርቅ በሌለበት ወርቅ የሚፈልግ አለ። ፍሪዳው ይህ ነው፤ ቀለበቱ ያ ነው፤ ጫማው ደግሞ ሌላ ነው እያለ እያንዳንዱን ዕቃ ይተረጕማል። አባቶች እንዲህ ያለ ፍች እንደ ሰጡ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እነርሱ ያንን ያመጡት ብዙ መጻሕፍት አይተው፤ ንባብን ከንባብ አስታርቀው ነው። ያለዚያ የተነገረ ምሥጢር ሰም የሌለው ወርቅ ነው፤ መልክ የለውም፤ ወዲያና ወዲህም ይፈሳል።

ይህ ሥርዓት ለወንጌል ምሳሌ ብቻ የሚሆን አይምሰላችሁ። በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ የታተመው፤ ዛሬ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ሆኖ ይቈጠራል። በዚያ መጽሐፍ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች። ያን መጽሐፍ የምታነብ ከሆነ «ሴት መሆኗን አንባቢው ያውቃል፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ግን እነማን አያውቁም፤ ይህስ አለማወቅ ምን ያስደርጋቸዋል» ብለህ ጠይቅ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ውስጥም አወቀ የተባለው ጐልማሳ በአውሮፓ ተምሮ ወደ አገሩ ተመልሶ ከዘመዶቹ ልማድ ጋር ይጋጫል። በዚያም «ደራሲው በሁሉ ነገር ከአወቀ ጋር ይስማማሉን፤ ወይስ አንዳንድ ጊዜ የዘመዶቹን ቃል ያከብራሉ» ብለህ ከንባቡ ብትመረምር መልሱ አዎን ወይም አይደለም በማለት ብቻ የሚያልቅ አይሆንም።

ከላይ ስለ ታላቁ ልጅ የጻፍሁት ግን የእኔ ግኝት እንዳይመስላችሁ። እኔ ለብዙ ዓመት ይህን ምሳሌ የታናሹ ልጅ የንስሐ ታሪክ ብቻ አድርጌ አስተምር ነበር። አንድ ዓመት ይህንኑ ሐተታ አዝዤ ደብተሮቹን ስመረምር፤ አንድ ተማሪ ምሳሌው የተነገረው ለታላቁ ልጅ ነው፤ ታሪኩም የሚያልቀው ከበር ውጭ ነው ብሎ ጽፎ አገኘሁ። እኔም ጥቂት መስመር አንብቤ «ከተማርኸው ወጥተሃል» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። የቀረውን እንዳነበብሁት አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ልጁ ዝምተኛ ነበር። ትምህርት ካበቃ በኋላ ወደ እኔ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ «የኔታ፤ አንድ ነገር ላሳይዎ» አለኝ። ወንጌሉን ገልጦ ጣቱን በታሪኩ ላይ አላሳረፈም፤ በምዕራፉ መጀመሪያ ላይ አሳረፈ። በዚያ ፈሪሳውያንና ጻፎች ጌታ ኃጢአተኞችን ስለ ተቀበለና ከእነርሱም ጋር ስለ በላ እንዳጕረመረሙ ተጽፏል። «ምሳሌውን የነገራቸው ለእነዚህ ነው፤ ያጕረመረመውም ታላቁ ልጅ ነው» አለኝ። እኔ ያን መጀመሪያ ስንት ጊዜ በቃሌ አንብቤዋለሁ! መልስ አጣሁ። ልጁም መልስ ማጣቴን አይቶ የበለጠ ፈራ፤ መምህሩን ያሳፈረ መሰለውና። ደብተሩን ነገ እመልስልሃለሁ ብዬ አሰናበትሁት።

በዚያ ሌሊት በፋኖስ ምዕራፉን ሁሉ እንደ አዲስ አነበብሁት፤ የልጁንም ሐተታ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። የአጠራሩን ነገር፤ የጠቦቱን ነገር፤ አባት ለሁለቱም ልጆች ከቤት መውጣቱን፤ ለታናሹ እየሮጠ ለታላቁ እየለመነ፤ ሁሉንም ጽፎታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን «ታላቁ ልጅ ወደ ቤት ሳይገባ ቀረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረ።

በማግሥቱ በክፍሉ ሁሉ ፊት የሰጠሁት ነጥብ ስሕተት እንደ ነበረና ስሕተቱም የእኔ እንደ ሆነ ተናገርሁ። ከዚያ በኋላ ልጁን ጠርቼ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አሳየሁትና «ይህችንስ ከየት አመጣሃት» አልሁት። ወንጌሉን ገለጠ፤ ፈለገ፤ ደግሞ ፈለገ። ልጆቹም ሁሉ መጽሐፋቸውን ገልጠው አብረውት ፈለጉ። በዚያ ክፍል እንደዚያን ቀን ያለ ጸጥታ አልሰማሁም። በመጨረሻ ቀና ብሎ «የለም፤ የኔታ» አለኝ፤ ብዕሩንም አንሥቶ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዘ፤ በስፍራውም «መግባቱን ወይም አለመግባቱን አይናገርም፤ ታሪኩ ሲያልቅ አባቱ ገና ከውጭ ቆሞ ያነጋግረዋል» ብሎ ጻፈ። እኔም በቀይ ቀለም የጻፍሁትን ሰርዤ አዲሱን ነጥብ አግብቼ ደብተሩን መለስሁለት።